ጠፍቼ ጠፍቼ በቫኪዩም መጣሁ

ስሚኝማ፣

ጠፋሁ፣ አውቃለሁ። ሰበብ መደርደር ጀምሬ ሳነበው አንዱም አንቺን የሚያሳምን አልሆን አለኝና አጠፋሁት። ይቅር በይኝና እንለፈው፣ እሺ? ደህና ነሽ ግን? እናትሽስ? አንቺ ደሞ ማኔጀር ሆነሽ ከተርሚናል ጋር ተፋተሻል አሉኝ፣ አላመንኩም። አንቺን ስላይድ ስታሳዪ ማሰብ ራሱ ያስቀኛል።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ናፍቆት ብቻ አይደለም ያስጻፈኝ፣ ጉዳይ አለኝ። ቅዳሜ ለአዲሶቹ ዴቨሎፐሮች ስለ ፖስትግሬስ ዳታቤዝ ቫኪዩም፣ የተሰረዘ ዳታ ስለሚጠርገው ትዕዛዝ፣ ላስረዳ ነው። እኔ! ሰው ፊት ቆሞ ስሙን ሲናገር የሚያልበው ሰውዬ!

ነገሩን ያመጣው አንድ አዲስ ልጅ ነው፣ ጠያቂነቱ ለጉድ ነው። ከሎግ ቴብሉ ላይ ግማሹን ዲሊት አደረግንና ዲስኩን ስናየው ንቅንቅ አላለም። "ዲሊት ካደረግነው ታዲያ ቦታው የት ገባ?" አለኝ። ቀላል መስሎኝ ቫኪዩም ያስፈልገዋል አልኩት፣ ራን አደረግነው፣ አሁንም ንቅንቅ የለም። ልጁ እንዴት እንዳየኝ ብታዪ።

በቃ ቁጭ ብዬ ከስሩ ጀመርኩለት። ፖስትግሬስ ላይ ዲሊት ስትዪ ሮው፣ ማለት የቴብሉ መስመር፣ አይጠፋም፣ የሰረዘው ትራንዛክሽን (እንደ አንድ ሥራ የሚቆጠሩ ትዕዛዞች) ቁጥር ኤክስማክስ በሚባለው የሮው ምልክት ላይ ይጻፍበትና እዛው ይቀመጣል፣ ምክንያቱም ቀደም ብሎ የጀመረ ሌላ ትራንዛክሽን አሁንም ሊያየው ይችላል፣ አፕዴትም ያው ነው፣ አሮጌው ሳይነሳ አዲስ ቅጂ ይጨመራል። ቫኪዩም ደሞ ማንም የማያያቸውን ለቅሞ ቦታውን ለሚቀጥለው ኢንሰርት ይለቃል እንጂ ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ አይመልስም፣ የቴብሉ ፋይል መጨረሻ ላይ ያሉት ፔጆች (ፋይሉ የተከፋፈለባቸው ብሎኮች) ባዶ ከሆኑ ነው ቆርጦ የሚመልሰው። ሰው ተነሳ ማለት ወንበሩ ከአዳራሽ ወጣ ማለት አይደለም ስለው ገባው። "እንግዲያው ቫኪዩም ፉል እናድርገዋ!" አይል መሰለሽ? ኧረ ቀስ! እሱ ቴብሉን እንዳለ አዲስ ፋይል ላይ ነው የሚጽፈው፣ እስኪጨርስ ሴሌክት እንኳ አያሳልፍም፣ ለአዲሱ ቅጂ ደሞ ሌላ ቦታ ይፈልጋል። ዲስክ ሞላብኝ ብለሽ ስትሮጪበት መልሶ ዲስክ አምጪ ይልሻል።

እኛ ጋ ግን ቦታው ለኢንሰርትም አልተለቀቀም፣ ቴብሉ ጭራሽ ማደግ ያዘ። ቫኪዩምን ቨርቦስ ብለን ዝርዝሩን ስናየው የሞቱ ሮዎች አሉ ግን ገና ሊነሱ አይችሉም ይላል። እኔ ሴቲንግ ሳገላብጥ ልጁ ዝም ብሎ ፒጂ ስታት አክቲቪቲን፣ ዳታቤዙ ላይ ማን ምን እየሰራ እንደሆነ የሚያሳየውን፣ ከፍቶ በትራንዛክሽን መነሻ ሰዓት ደረደረውና አንዱን ሴሽን አገኘው፣ አይድል ኢን ትራንዛክሽን፣ ትራንዛክሽን ከፍቶ ሥራ የፈታ! ሪፒተብል ሪድ፣ እስኪያልቅ አንድ ስናፕሾት (የዳታውን የአንድ ቅጽበት ምስል) ይዞ የሚቆየውን ዓይነት ትራንዛክሽን፣ ከፍቶ አንዲት ሴሌክት ሰርቶ ኮሚት ሳይል የተኛ የሪፖርት ፕሮግራም። ተራው ዓይነት፣ ሪድ ኮሚትድ፣ ቢሆን ኖሮ ሴሌክቱ ሲያልቅ ስናፕሾቱን ይለቅ ነበር፣ ይሄ ግን ከሱ በኋላ የሞተውን ሁሉ ጠፍሮ ይዞብናል። ያንን ቴብል ደሞ ነክቶት እንኳ አያውቅም! ልጁ "ስናፕሾቱ ነው የያዘን!" ብሎ ሲጮህ ቢሮው በሙሉ ዞሮ አየን። ሴሽኑን ተርሚኔት አደረግነው፣ ቀጣዩ ቫኪዩም ጠራርጎ ወጣ።

አንድ ነገር ልናዘዝ፣ አትሳቂብኝ። ሌሊት ስልክ የሚደወለው ለኔ ብቻ መሆኑ ደስ ይለኝ ነበር መሰለኝ፣ እየረገምኩም ቢሆን። የዳታቤዝ ሪስቶሯን ሌሊት ታስታውሺያለሽ አይደል፣ በነጋታው እንዴት እንደተንጎራደድኩ። አሁን ልጁ ቀድሞኝ ሲያገኘው ትንሽ ቆነጠጠኝ፣ ግን ደስታው በለጠ። ለማን ልንገር ስል ደሞ አንቺ ነሽ የመጣሽብኝ፣ እና... እንዴት እንደምጠይቅሽ አላውቅም፣ ይሄን ያህል ጠፍቼ።

ያቺ ደብተርሽ አለች? ትራንዛክሽኖቹን በመስመር አስምረሽ ማን የቱን ቅጂ እንደሚያይ የሳልሽባት። እኔ ስስለው የሸረሪት ድር ነው የሚሆነው። ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ ጽሑፍሽ አይነበብም ብዬ እንዳልሳደብ ብርሃን ያለበት ቦታ አንሺው። ስለ ኦቶቫኪዩምስ፣ ቫኪዩምን በራሱ ሰዓት ስለሚያስነሳው፣ ልጨምር ወይስ ይበዛባቸዋል? ዲፎልቱ 20 ፐርሰንት ስለሆነ 100 ሚሊዮን ሮው ያለው ቴብል 20 ሚሊዮን እስኪሞትበት ይጠብቃል የሚለውን ሲሰሙ የሚደነግጡ ይመስለኛል፣ ልጨምረው እስቲ።

ከሁሉም በላይ ግን ይሄን መልሺልኝ። የተኛ ትራንዛክሽን የሚቆርጠው ታይምአውት ዲፎልቱ 0 ነው፣ ማለት ዝግ ነው። ልጁ ለሁሉም 5 ደቂቃ እናድርገው ይላል። እኔ አፕሊኬሽኑ ኮኔክሽን ሲቆረጥበት ምን እንደሚሆን ሳናይ አይሆንም ብዬ መጀመሪያ ለሪፖርቱ ዩዘር ብቻ በአልተር ሮል (የአንድ ዩዘርን ሴቲንግ በሚቀይረው ትዕዛዝ) እናድርገው እያልኩት ነው። ፈሪ ነህ አለኝ። አንቺ ብትሆኚ የቱን ታደርጊያለሽ? እስከ አርብ ብትነግሪኝ።