«ጥሬ ገንዘብ ናት» ያሉኝ ፒክአፕ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ሰላም ብያለሁ። ስለ ያገለገሉ መኪኖች ዋጋ የምታወጡትን ሁሌ አነባለሁ። ጥሩ ነው። ግን ሰው ያን ሁሉ ብር የሚያፈስባትን መኪና በምን ዓይን ማየት እንዳለበት ስትጽፉ አላየሁም። በተለይ ፒክአፕን። ስለዚህ እኔው ልሞክረው፤ ከረዘመባችሁ ቁረጡት፣ አልቀየምም።

እኔ የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ነኝ። ሱቄ ቃሊቲ ነው፣ እንጀራዬ ግን መንገድ ላይ ነው። መቂና ዝዋይ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለሙ ገበሬዎች ፓምፕ ሲቆምባቸው ዕቃዬን ጭኜ እበራለሁ። አንዳንዴም ወደ ደብረ ብርሃን በኩል እወጣለሁ። በ12 ዓመት ውስጥ 3 ደብል ካቢን ፒክአፖች ገዝቻለሁ፤ ሦስቱም ያገለገሉ ነበሩ። ከሦስቱ አንዷ እንባ አውጥታኛለች። እሷ ጋ እመጣለሁ።

ፒክአፕ ልገዛ ነው ብላችሁ ለማንም ብታማክሩ መልሱ ያው ነው። «የቶዮታን ሃይሉክስ ግዛ፣ ጥሬ ገንዘብ ናት።» ለምን? «አስተማማኝ ናታ!» ትንሽ ገፋ አድርጋችሁ ስትጠይቁ ግን አስተማማኝ የሚሉት «ነገ ብሸጣት አታከስረኝም» ለማለት እንደሆነ ይገባችኋል። እነዚህ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንዱ የገበያ ጉዳይ ነው። ሌላው ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ቁልፍ ስታዞሩ ሞተሩ ይነሳል አይነሳም የሚለው ነው።

ሰውን አልፈርድበትም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እሳት አደረገው። በ2016 ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ አለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ብር በገበያ ዋጋ ተለቀቀና ዶላሩ ሽቅብ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አገር ውስጥ ያለችው መኪና ከእጅ ወደ እጅ ትዞራለች። ብዙ ሰው ቁጠባውን ባንክ ሳይሆን ግቢው ውስጥ ነው ያቆመው። እንዲህ ባለ ጊዜ መሸጫ ዋጋን ማሰብ ሞኝነት አይደለም።

ችግሩ ሌላ ነው። ጥሬ ገንዘብ የተባለችን መኪና ማንም አይመረምራትም። ስሟ ራሱ ይሸጣታላ! ባለቤቷም ይህን ስለሚያውቅ እስክትሞት ይነዳታል፣ ከዚያ ቀለም ይቀባታል፣ ከዚያ ለእኔና ለእናንተ ያመጣታል። ስም የሌላት መኪና ግን ገዢ ስለማታገኝ ባለቤቷ ተንከባክቦ ለመያዝ ይገደዳል። ጋራዥ ስመላለስ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ።

እንግዲህ የእኔዋ። የፋብሪካዋን ስም አልጠራም፣ ጥፋቱ የፋብሪካ አልነበረምና። ደላላው «ባለቤቷ ሐኪም ነው፣ ከቤት ሆስፒታል ከሆስፒታል ቤት» አለኝ። ነጭ፣ የምታብረቀርቅ፣ ዳሽቦርዷ የተወለወለ። ኪሎ ሜትሩ 118,000 ይላል። ስንደርስ ሞተሩ ተነስቶ ነበር፤ «ስጠብቅህ ላሙቃት ብዬ» አለኝ። እኔም አመሰገንኩት! አስፋልት ላይ አንድ ዙር ዞርኩና ተፈራረምን።

በ3ኛው ወር ጠዋት ጠዋት ነጭ ጭስ መትፋት ጀመረች፤ ከዚያ ዳገት እምቢ አለች። የማምነው መካኒክ ጋ ወሰድኳት። ክሪክ ፍለጋ የኋላውን መቀመጫ ሲያነሳ ዝም አለ። ከዚያ አንድ እፍኝ የደረቀ ገረባ ዘግኖ አሳየኝ። ወርዶ ከሥር ተኛና ባሌስትራውን፣ ጭነት የሚሸከመውን የተነባበረ ብረት፣ ቆጠረ። በሁለቱም በኩል አንድ አንድ ቅጠል ብረት ተጨምሮበታል፤ የተጨመረው ቀለሙ እንኳ አይመሳሰልም። «ጋሼ፣ ይቺ ሐኪም ቤት አልሠራችም፣ ጫት ነው የጫነችው» አለኝ። ጫት የምትጭን መኪና እንዴት እንደምትነዳ መንገድ ላይ ያየ ያውቃል። ናፍጣ የሚረጩት ኖዝሎች አልቀዋል፣ ፍሪሲዮኑ አልቋል። የሁለት ወር ገቢዬ እዚያ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የማየው የመኪናዋን ስም አይደለም። የፍሬን መርገጫውን ጎማ አያለሁ፤ 118,000 ብቻ የነዳ እግር ላስቲኩን አይጨርሰውም። የሾፌሩ መቀመጫ ጠርዝ ተበልቶ ከሆነም እንዲሁ። ኮፈኖው ላይ መዳፌን አሳርፋለሁ፤ ከሞቀ «ነገ ጠዋት እመለሳለሁ» ብዬ እሄዳለሁ። ቀዝቃዛ ሞተር አይዋሽም። ተነስታ እየሠራች የዘይቱን ክዳን ከፍቼ ጭስ እየገፋ የሚተነፍስ ከሆነም ወደ ቤቴ። ደሞ ባሌስትራውን ራሴ እቆጥራለሁ፤ ተንበርክኬ፣ ሱሪዬ ይቆሽሽ።

ቺንጋውን፣ ሞተሩ ላይ የሚዞረውን የላስቲክ ቀበቶ፣ አትርሱ። የቪጎ (የቀድሞዋ ቅርጽ ሃይሉክስ) ናፍጣ ሞተሮች፣ 2.5ቷም 3.0ዋም፣ ታይሚንጋቸው የሚዞረው በቺንጋ ነው፤ ከ100,000 እስከ 150,000 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ ይቀየራል። ሳይቀየር ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፣ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ይበላሻል። የሚትሱቢሺ ኤል 200ዋ 2.5 ናፍጣም ባለ ቺንጋ ናት። የኢሱዙ ዲማክስ 3.0 እና የሬቮዋ (ከቪጎ በኋላ የመጣችው ሃይሉክስ) 2.4 ናፍጣ ግን ባለ ሰንሰለት ናቸው፣ በዚህ በኩል እፎይ ነው። ስለዚህ ባለ ቺንጋ ስትገዙ ደረሰኝ ጠይቁ። «ተቀይሯል» የሚል አፍ ደረሰኝ አይደለም።

ወረቀቱም አለ። የሻንሲ ቁጥሩ ከላይብሬው ጋር አንድ በአንድ ይመሳከር። ከቀረጥ ነፃ የገባች ከሆነች ቀረጡ ሳይከፈል ስም አይዞርላችሁም፤ ርካሽ መስላ የምትቀርብላችሁ አንዳንዷ እንዲህ ያለች ናት። በነገራችን ላይ ከእርዳታ ድርጅት በጨረታ የምትወጣ ፒክአፕ ብዙ ሰው ይፈራል፣ ገጠር ለገጠር ስትንከራተት የኖረች ናት ብሎ። እኔ እወዳታለሁ። መንገዷ ክፉ ነበር፣ ግን የሰርቪስ ደብተር አላት። አሞርዛተር ይቀየራል። ዘይት ሳይቀየርለት ዓመት የከረመን ሞተር ግን ምን ታደርጉታላችሁ?

አንድ ነገር ለሃይሉክስ ወዳጆች ልተውላቸው። መኪና ሁሉ ይበላሻል፤ ቁም ነገሩ የተበላሸው ዕቃ የት ይገኛል ነው። የቶዮታ ዕቃ መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሞልቷል፣ ክፍለ ሀገርም አይጠፋም። ዝዋይ ላይ አንዴ የውሃ ፓምፗ ፈስሶብኝ (የፓምፕ ጠጋኝ ፓምፕ!) እዚያው ከተማ ዕቃውን አግኝቼ በዚያው ቀን ተመለስኩ። በፎርድ ሬንጀር ብሆን ኖሮ ምናልባት እዚያው አድር ነበር። ሬንጀር ጉልበቷ የሚያኮራ ነው፣ 3.2ቷ ባለ 5 ሲሊንደር ናት፣ አነዳዷም ደስ ይላል። ግን ዕቃዋን በትእዛዝ እየጠበቃችሁ ሥራ መፍታት የምትችሉ ከሆነ ብቻ።

ጉልበት ካነሳን፣ እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳት ይመስለኛል። ፈረስ ጉልበት ስንት ነው ይላል፣ ሲሲ ስንት ነው ይላል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ያለች ከተማ መሆኗን ግን ይረሳል። አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ ያጣል። እንጦጦ ጫፍ ላይ ስትደርሱ ከሩብ በላይ የሚሆነው እታች ቀርቷል ማለት ነው። የድሮዋ ቱርቦ የሌላት 3.0 ናፍጣ ሃይሉክስ ሞት የማታውቅ መኪና ናት፣ እመሰክርላታለሁ። ግን ዕቃ ጭናችሁ ወደ ጣርማ በር ስትወጡ ከኋላ የሚከተላችሁ ሲኖትራክ ጥሩንባውን ይነፋባችኋል። ቱርቦ ያላት ግን የጎደለውን አየር ራሷ ትሞላለች። ለደጋ አገር ቱርቦ ቅንጦት አይደለም።

ሲሲም ያታልላል። የሬቮዋ 2.4 ከቪጎዋ 2.5 ታንሳለች፣ ግን እንደ ሞዴሉ እስከ 400 ኒውተን ሜትር ትስባለች፤ የቪጎዋ 2.5 እዚያ አትደርስም። ስለዚህ ቁጥሩን ትታችሁ ውጡባት። ደላላው ቦሌ አስፋልት ላይ እንድትነዷት ይፈልጋል። እናንተ ሽሮ ሜዳ ይዛችኋት ሂዱ፣ ሦስት ሰው ጫኑ፣ እንጦጦ ማርያምን አውጧት። የሙቀት መለኪያውን እያያችሁ። ከዚያ ስትወርዱ ሬዲዮውን አጥፉና ፍሬኑን አዳምጡ። በእኛ መንገድ ከመውጣት ይልቅ መውረድ ነው ሰው የሚገድለው።

ዘመናዊ ሞተር ግን አፉ ቀበጥ ነው። ኖዝሎቹ የተጣራ ናፍጣ ይፈልጋሉ። እኔ በሥራዬ የገበሬ ፓምፕ ስፈታ በርሜል ውስጥ የከረመ ናፍጣ ከነውሃው ከነዝቃጩ አያለሁ፤ የድሮ ባለ ፖምፓ ሞተር ያንን እየተነጫነጨም ቢሆን ይጠጣዋል። የአሁኖቹ አይጠጡትም። ነዳጅ በጀሪካን እየገዛችሁ የምትሠሩበት ቦታ ከሆነ አሮጌዋ ትሻላችኋለች፤ ዳገቱን ታግሳችሁ።

አሁን ምቾት። ይህን ስጽፍ የሚስቁብኝ ይኖራሉ፣ «ፒክአፕ ገዝቶ ምቾት ይላል እንዴ» ብለው። እኔም እስቅ ነበር። አንድ ቅዳሜ እናቴን ይዤ ደብረ ሊባኖስ ለመሳለም ወጣሁ። መኪናዋ ባዶ ናት። እናቴ ከኋላ፣ ጀርባዋ ቀጥ ብሎ እንደ ግድግዳ ከቆመ መደገፊያ ጋር ተጣብቆ። ሙከጡሪ ሳንደርስ ወገቧን መያዝ ጀመረች። አንዲት ጉድጓድ ስንዘል ሁለታችንም ጣራ ነካን። ምንም አላለችም። ተሳልመን ስንወጣ ግን ነጠላዋን እያስተካከለች «ልጄ፣ አንተ በዚህቺው ና፣ ለእኔ ሚኒባስ ፈልግልኝ» አለችኝ። ሄደች በሚኒባስ! እኔ ባዶ መኪናዬን እያንጓጓሁ ከኋላዋ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የኋላው ባሌስትራ የተሠራው አንድ ቶን ገደማ እንዲሸከም ነው፤ አንዲት እናት ብትቀመጥበት አይታጠፍም። ሁሉም ግን አንድ አይደሉም። አዲሷ ቅርጽ የኒሳን ናቫራ፣ በፈረንጅ ከ2015 ወዲህ ያለችው፣ ደብል ካቢኗ በብዙ ሞዴሏ ከኋላ ባሌስትራ ሳይሆን ጥቅልል ሞላ ነው ያላት፤ ልዩነቱ ከኋላ ተቀምጣችሁ ካልሆነ አይገባችሁም። የኤል 200 የኋላ መደገፊያ ጋደል ያለ ነው፣ ጠባብ ሰፈርም ውስጥ ቶሎ ትዞራለች። ስለዚህ ስትሞክሯት ሾፌሩ ቦታ ብቻ አትቀመጡ። ቁልፉን ለሌላ ስጡና 10 ደቂቃ ከኋላ ተቀመጡ። ይህን የሚያደርግ ገዢ እስካሁን አላየሁም።

ምቾት ደግሞ የእናቶች ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከዝዋይ ማታ ስመለስ ቀኑን ሙሉ የናጠችኝ መኪና ዓይኔን ታስከድነኛለች። ሁለት ጊዜ ሞጆ አካባቢ መኪናዋን ከመንገድ አውጥቼ አቁሜ ተኝቻለሁ። ተኝቶ መንዳት ደግሞ በምንም ዓይነት ጥሬ ገንዘብ አይካስም።

ለገዛችሁት ደግሞ ነፃ መድኃኒት አለ። ጎሚስታው ፒክአፕ ሲያይ የጭነት ነፋስ ይሞላል፣ ልማዱ ነው። በር ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብቡና ባዶ ስትሆን የኋላውን ነፋስ በዚያ ልክ አስቀንሱ። እኔ ይህን ያወቅሁት እናቴ በሚኒባስ ከሄደች ከዓመት በኋላ ነው።

እንግዲህ የቱን ግዛ ትሉኛላችሁ? በሳምንት 5 ቀን ጭነት፣ ከከተማ ርቆ፣ ብቻውን የሚነዳ ሰው ቪጎ ወይም ዲማክስ ይፈልግ፤ ምቾቱን ይርሳው፣ ጭነቱ ራሱ ያለሰልሳታል። ሳምንቱን ባዶ እየነዳ ልጆች ትምህርት ቤት የሚያደርስ፣ በወር አንዴ ሲሚንቶ የሚጭን ሰው ግን ጎረቤት «ጥሬ ገንዘብ» ስላለው ብቻ ተጨማሪ ብር ከፍሎ ልጆቹን የሚያስነጥርበት ምክንያት አይታየኝም። በደንብ የተያዘች ናቫራ ወይም ኤል 200 ብትገኝ ለእሱ ትበቃዋለች። ሲሸጣት ትንሽ ትጎድልበት ይሆናል። ይጉደል። እስክትሸጥ ድረስ የሚኖርባት እሱ ነው።

እኔም አሁን አራተኛዋን እያፈላለግሁ ነው። ቅዳሜ ጠዋት አንዷን ለማየት ገርጂ እሄዳለሁ። እናቴም አብራኝ ትመጣለች፣ ከኋላ ትቀመጣለች። ደላላውን ትናንት ደውዬ «እስክንደርስ ሞተሩን እንዳታስነሳ» አልኩት። ትንሽ ዝም አለና «ኧረ ጋሼ፣ ቀዝቅዛ ትጠብቅህ እንዴ?» አለኝ።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢ ከቃሊቲ