«ሲስተም የሚባለው ሰውዬ ዛሬም አልገባም?»

ሰኔ 14 ቀን

ለ፦ በወረዳችን የሴፍቲኔት ክፍያ ለሚፈጽመው የፋይናንስ ድርጅት፣ ዋና ሥራ አስኪያጅ ጽ/ቤት

ጉዳዩ፦ ዘግይቶ ስለገባና በፓስታ ስለተከፈለ የቀጥታ ድጋፍ ክፍያ

ጤና ይስጥልኝ።

በደቡብ ወሎ ደጋ፣ መኪና ከሚቆምበት አልፎ በእግር በሚገባበት አንድ ቀበሌ አስተማሪ ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ደሴ ነው። እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ከማስተማሩ ሌላ አንድ የማይከፈልበት ሥራ ይዣለሁ፤ የመንደሩን የስልክ መልዕክት አነባለሁ። ከእናንተ «ሂሳብዎ ላይ ገቢ ሆኗል» የሚል መልዕክት ሲመጣ ሰው ስልኩን ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ይመጣል። ስለዚህ ስንት ጊዜ «ገቢ ሆኗል» እንዳላችሁና ስንት ጊዜ ብሩ እጅ እንደገባ አውቃለሁ። ቀኑን በደብተር እይዛለሁ። የ11 ሰው ቀን ከዚህ ጋር ተያይዟል።

ደብዳቤውን ግን ስለ አንዲት ሴት ነው የምጽፈው። ስማቸውና የተጠቃሚ ካርዳቸው ቁጥር በአባሪው አለ፤ እኔ እማማ ነው የምላቸው። ከ70 ዓመት በላይ ናቸው። ጧሪ የላቸውም። ሁለተኛ ክፍል የማስተምራትን የልጅ ልጃቸውን ያሳድጋሉ። አቅማቸው ለማህበረሰብ ሥራ ስለማይሆን በልማታዊ ሴፍቲኔት (እህል ለሚያጥረው ቤተሰብ በሚሰጠው የመንግሥት ድጋፍ) ያለ ሥራ የሚከፈለው የቀጥታ ድጋፍ ተጠቃሚ ናቸው። ለክፍያው እርከን የሚሠሩት ጎረቤቶቻቸው በዓመት ለ6 ወር ነው የሚከፈላቸው። የእሳቸው ግን 12ቱንም ወር መምጣት አለበት።

የዘንድሮውን ልንገራችሁ። የጥር ክፍያ በጥር አልመጣም። የየካቲትም፣ የመጋቢትም እንደዚሁ። በሚያዝያ መጨረሻ የ4 ወሩ ባንድ ላይ ገባ። ስልክ ያነሳልኝ የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛችሁ «ተጠራቅሞ ቢመጣስ ምን ችግር አለው? ያው ብሩ አልቀረ» አለኝ። ልጁ ትሁት ነው፣ አልቀየምኩትም። ይህን ደብዳቤ ያጻፈችኝ ግን ያቺ ንግግሩ ናት።

ያው አይደለም። እዚህ ደጋ ብዙው ሰው የሚጠብቀው የበልግ ገብስ ነው። ዝናቡ ከየካቲት ጀምሮ ይጠበቃል፤ ገብሱ የሚደርሰው ወደ ሰኔና ሐምሌ ነው። እስከዚያ ጎተራው ባዶ ነው። እማማ የካቲትን ከቅሬ ተበድረው አለፉ። (ወሎ ላልሆናችሁ፣ ቅሬ የእኛ እድር ነው።) በመጋቢት መጨረሻ ብድሩም አለቀና አንዲት ሴት በጋቸውን ገበያ አወጡ። ግልገሏ ገና ትጠባ ነበር። ያን ሰሞን ገበያው ላይ ሻጭ እንጂ ገዢ የለም፤ ሁሉም ባንዴ ነዋ የተቸገረው። ሦስት ሳምንት ቢቆዩ ፋሲካ ነበር፤ የበግ ዋጋ የሚወጣው ያኔ ነው። ግን በምን ይቆዩ? ግልገሏ ከሳምንት በኋላ ሞተች። በሚያዝያ መጨረሻ ያስገባችሁት ብር በጓን አልመለሰም። ግማሹ ለቅሬው ዕዳ ሄደ።

ይህ ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም ሲጀመር የተፈለገው እንዲህ ያለው ነገር እንዳይደርስ ነበር። ከዚያ በፊት ዝናቡ ሲቀር ነው አቤት የሚባለው። እህሉ ተለምኖ፣ በመርከብ ተጭኖ፣ ደጋ እስኪወጣ ገበሬው በሬውን ሸጦ ጨርሷል። በ1995 ዓ.ም ብቻ ከ13 ሚሊዮን በላይ ሰው እርዳታ ጠባቂ ነበር። ስለዚህ በየዓመቱ ቢያንስ ለ3 ወር እህል የሚያልቅበት ቤተሰብ ይለይ፣ ከብቱን ሳይሸጥ ክረምቱን እንዲያልፍ ቀኑን የሚያውቀው ክፍያ ይሰጠው ተባለ። የመጀመሪያው የቀን ክፍያ 6 ብር ነበር። 3 ኪሎ እህል ይገዛል ተብሎ ነው የተሰላው። ለአንድ ሰው በወር የ5 ቀን ሥራ ሲታሰብ 15 ኪሎ ይመጣል። 15 ኪሎው ለአንድ ወር ነው። የጥሩን 15 ኪሎ በሚያዝያ መጨረሻ ብትሰጡኝ ጥርን አልበላሁም። እናንተ ብር የማስተላለፍ ውል የፈረማችሁ ይመስላችኋል። አደራ የተቀበላችሁት ቀኑን ጭምር ነው።

ወሎ ላይ ይህን ማስረዳት እንኳ አያስፈልግም ነበር። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን የ66ቱን የወሎ ረሃብ ሲያጠና፣ ደሴ ላይ የእህል ዋጋ እምብዛም አልናረም ብሎ ጽፏል። እንዲያውም እህል ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይጫን ነበር። ሰዉ መግዣ ነው ያጣው። አያቴ ይህን ሳያነብ ያውቀው ነበር፤ ያኔ ደሴ ላይ ጆንያ የሚጭን ወዛደር ነበር። እህሉን በጀርባው ተሸክሞ መኪና ላይ ሲያወጣ፣ መኪናው ስር የተቀመጡት ሰዎች ቀና ብለው ያዩት እንደነበር አጫውቶናል። ከዚህ በላይ ማውራት አይወድም ነበር።

ወደ እኛ ልመለስ። ብሩ ገባ ተባለ እንጂ እጅ አልገባም። ወኪላችሁ ያለው ወረዳው ከተማ ነው፤ በእማማ እርምጃ መሄጃው ብቻ 3 ሰዓት ይፈጃል። በመጀመሪያው ማክሰኞ ሄዱ። «ሲስተም የለም» ተባሉ። በሁለተኛው ማክሰኞም ሄዱ። ሲስተም የለም። በሦስተኛው ጠዋት ከመንገድ በፊት እኔ በር ላይ ቆሙና፣ «መምህርት፣ እስቲ በስልክሽ ጠይቂልኝ ልጄ፤ ሲስተም የሚባለው ሰውዬ ዛሬም አልገባም?» አሉኝ። ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። ቀጠሮ የማያከብር የቢሮ ሰው አድርገው ነው የሳሉት። ሳስበው እንደውም አልተሳሳቱም።

ያን ቀን ሲስተሙ ነበር፤ ጣታቸው ግን እምቢ አለ። እማማ ዕድሜ ልካቸውን የበግ ጠጉር ፈትለዋል፣ ኩበት ጠፍጥፈዋል፣ እህል በድንጋይ ፈጭተዋል። አሻራቸው አልቋል። ማሽናችሁ አምስት ጊዜ መለሳቸው። ወኪሉ «እጅዎን ታጥበው ይምጡ» አላቸው፤ ታጥበው መጡ፤ አሁንም እምቢ። ድጋፉ የተሰጣቸው እጃቸው ስለደከመ ነው። በዚያው በደከመ እጅ ምክንያት ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

በአራተኛው ማክሰኞ አስፈቅጄ አብሬ ሄድኩ። በስንት ሙከራ የግራ አውራ ጣታቸው አለፈ። እልል ልል ስል ወኪሉ «ካሽ የለኝም» አለ። «ከፈለጉ በዕቃ ልስጥዎት።» ሱቁ የራሱ ነው። ፓስታ፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ስኳር ደረደረ። ከጎኑ ካለው ሱቅ ጋር ሳስተያይ ዘይቱ ብቻ በሊትር 40 ብር ይበልጣል። በዚያ ላይ «የማውጫ» ብሎ 100 ብር ቆረጠ። ደረሰኝ ስጠይቀው «ሲስተሙ ደረሰኝ አያወጣም» አለኝ። እማማ «ኸይር ነው» አሉና ፌስታሉን ተሸከሙ። ሌላ ማክሰኞ መመለስ አልቻሉም።

እማማ ፓስታ አይበሉም። የሚፈልጉት ገብስና ጨው፣ ለልጅቷ ደግሞ ደብተር ነው። ፓስታውን ለጎረቤት በርካሽ ሸጡት። በብር መክፈል የተመረጠው እኮ ሰው የጎደለውን ራሱ አይቶ እንዲገዛ ነው። እናንተ ጋ ሲደርስ ብሩ ፓስታ ሆነ፤ ፓስታውም በኪሳራ መልሶ ብር ሆነ።

ለወኪሉም ሐቅ ልናገርለት። ካሽ ከቅርንጫፋችሁ ከጠየቀ ሳምንት እንዳለፈው ነግሮኛል፤ የጻፈውንም አሳይቶኛል። ዋጋ መጨመሩና 100 ብሩ የእሱ ጥፋት ነው። የካሽ እጥረቱ ግን የእናንተ ነው።

አቤት ያላልንበት ቦታ የለም። የቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ «ክፍያው የድርጅቱ ነው፣ እኛ ምን እናድርግ» አለ። ቅርንጫፋችሁ «ወረዳው ዝርዝሩን ሲልክልን ነው የምንከፍለው» አለ። ወረዳው «ከላክን ቆየን» አለ። ማን እንዳዘገየው የማየት ሥልጣን የለኝም። እናንተ ግን ዝርዝሩ የደረሳችሁ መቼ እንደሆነ መዝገባችሁ ላይ አለ። ቀኑን በጽሑፍ አሳውቁን። ያዘገየው ወረዳው ከሆነ ወረዳውን እንይዛለን።

ሌላው የምጠይቀው ከባድ አይደለም። ከእማማ የተቆረጠው 100 ብርና የዕቃው የዋጋ ልዩነት ይመለስላቸው። ወኪሎቻችሁ የሴፍቲኔት ክፍያ በዕቃ እንዳይሰጡ በጽሑፍ አስታውቁ፤ ማስታወቂያውም ሱቁ በር ላይ ይለጠፍ፤ አንብቡልኝ ለሚለኝ አነባለሁ። አሻራቸው ለማያልፍ ሽማግሌዎች በካርድና በምስክር የሚከፈልበት መንገድ ይኑር፤ ወይም የመረጡት ሰው ወክሏቸው ይቀበል። የክፍያ ሰሞን ደግሞ ለወኪሉ ካሹ ከመልዕክቱ ቀድሞ ይድረሰው። ካሽ ሳይኖር «ገቢ ሆኗል» አትበሉ። ያቺ መልዕክት እዚህ የ6 ሰዓት የደርሶ መልስ መንገድ ናት።

ከተቻለ ደግሞ በገበያ ቀን አንድ ሠራተኛ ማሽኑንና ብሩን ይዞ ቀበሌያችን ድረስ ይምጣ። መንገዱ ያደክመዋል፤ አውቃለሁ። ቡና አፈላለታለሁ፣ እስከ በረካ።

የግንቦት ክፍያ እስከ ዛሬ አልገባም። እማማ በሚመጣው ማክሰኞ ጠዋት እንደገና በሬ ላይ ይቆማሉ። ምን ልበላቸው?

ከሰላምታ ጋር
የልጅ ልጃቸው አስተማሪ

ግልባጭ፦
ለቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ
ለእማማ (አንብቤላቸዋለሁ፤ «የበጓን ነገር ጽፈሻል?» ብለውኛል)