ስለ ቅዳሜው የቼዝ ጨዋታ

ውድ ወላጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። የቅዳሜው ጨዋታ የወላጆች ግሩፕ ላይ ብዙ ስላነጋገረ እኔም የምለው አለኝ። የተጫወቱትን ልጆች ስም ያልጻፍኩት ሆን ብዬ ነው፣ ሁለቱም የኛ ተማሪዎች ናቸው፣ ድልድሉ እርስ በርስ አገናኛቸውና በሬቲንግ፣ ማለትም የተጫዋች ጥንካሬ በሚለካበት ነጥብ፣ ወደ 400 የሚያንሰው አሸነፈ፣ በቃ የሆነው ይሄ ነው።

"በዕድል ነው" ያላችሁ አላችሁ። እኔ እዛው ነበርኩ። ባለ ትልቁ ሬቲንግ ቶሎ ቶሎ ይጫወታል፣ ያኛው ደግሞ ሰዓቱን አልሰሰተም፣ ተረጋግቶ ያስባል። መሀል ላይ የመጀመሪያው ፈረሱን ብድግ አደረገና ንግሥቲቱ ያለ ጠባቂ እንደምትቀር ያኔ ታየው። የነካኸውን መጫወት ግዴታ ነው፣ ልጁ ግን ዳኛ እስኪጠራበት አልጠበቀም፣ ፊቱ ቀልቶ ራሱ ተጫወተው። እውነቴን ነው የምላችሁ ከድሉ በላይ ደስ ያለኝ ይሄ ነው። ንግሥቲቱ ከተበላች በኋላም ቢሆን ቀላል አልነበረም፣ ተጋጣሚ ቼክ ሳይባል፣ ማለትም ንጉሡ ሳይጠቃ፣ የሚጫወተው ካጣ ጨዋታው አቻ ስለሆነ አሸናፊው መጨረሻ ላይ እጁን ዘርግቶ መልሶ ሰበሰበና ሌላ ቦታ ተጫወተ፣ ቢቸኩል ኖሮ ግማሽ ነጥብ ይዞ ይመለስ ነበር። ይሄ ዕድል ከተባለ እንግዲህ።

ሬቲንግ አርፓድ ኤሎ የሚባሉ የፊዚክስ ምሁር የሠሩት፣ የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን (ፊዴ) ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚጠቀምበት ስሌት ነው። 400 የሚበልጠው ከ10 ጨዋታ 9 ነጥብ ገደማ ያገኛል ይላል እንጂ 10 አይልም፣ ቅዳሜ ያያችሁት የቀረችዋን ነው። የልጆች ደግሞ ቶሎ ነው የሚቀያየረው፣ ከ18 ዓመት በታች ለሆኑና 2300 ላልደረሱ ባገኙትና ይጠበቅ በነበረው ነጥብ መካከል ያለው ልዩነት በ40 ስለሚባዛ እንዲህ ያለ አንድ ድል ብቻ 36 ነጥብ ገደማ ይጨምራል።

ስለዚህ የተሸነፈውን ልጅ "እንዴት በሱ ትሸነፋለህ" ማለት ይቁም፣ ግሩፕ ላይም ቤትም፣ እሱ ሲባል ያሸነፈውም ይሰማል። ከጨዋታ በፊትም "የሱ ሬቲንግ ይሄን ያህል ነው" እያላችሁ አታስጨንቋቸው፣ ድልድሉ ላይ ተጽፏል፣ ማንበብ ይችላሉ። አዳራሽ ውስጥም ከቦርዱ ራቅ በሉ፣ ስልካችሁን አጥፉ።

ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ሁለቱ ልጆች ጨዋታውን ከመጀመሪያው ጀምረው አብረው ለክለቡ ያሳያሉ፣ ሐሳቡም የነሱ ነው። መምጣት የምትፈልጉ ኑ፣ ወንበር አለ።

የት/ቤቱ ርዕሰ መምህር