ለደንበኞቻችን፦ የዳታቤዝ ኩዌሪ የእገዛ ሰነዳችን ስለሚሻሻልበት ምክንያት

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

በዳታቤዝ ኩዌሪ (ከዳታቤዝ መረጃ ለማውጣት በሚጻፍ ጥያቄ) ላይ የሚያጋጥሙ የተለመዱ ችግሮችን የሚያብራራውን የእገዛ ሰነዳችንን እንደ አዲስ በመጻፍ ላይ ስለሆንን፣ ምክንያቱን ልናስረዳችሁ እንወዳለን። የቀድሞው ሰነድ የተደራጀው ሲስተሙ በሚያወጣቸው የስህተት መልእክቶች ነበር። ይህ ኮማ ለዘነጋ ወይም የሠንጠረዥ ስም ለተሳሳተ ሰው ይበቃል፤ እናንተን የሚያደክሟችሁ ግን አንዳች መልእክት ሳያወጡ የተሳሳተ ውጤት የሚሰጡ ኩዌሪዎች ናቸው፤ ለእነርሱ ደግሞ በሰነዱ ውስጥ የሚፈለግ ቃል እንኳ አልነበረም።

ለምሳሌ ትዕዛዝ ሰጥተው የማያውቁ ደንበኞችን ለማውጣት በ«ኖት ኢን» («በዝርዝሩ ውስጥ የሌለ» ማለት ነው) የተጻፈ ኩዌሪ እንውሰድ። በትዕዛዞች ሠንጠረዥ የደንበኛ መለያ ዓምድ ውስጥ አንድ «ነል» ብቻ ከተገኘ ውጤቱ ባዶ ይሆናል። «ነል» ዜሮ ሳይሆን «ዋጋው አይታወቅም» ማለት በመሆኑ፣ ዳታቤዙ ማንኛውንም ደንበኛ ካልታወቀው ዋጋ ጋር ሲያነጻጽር «ይለያል» ብሎ ማረጋገጥ አይችልም፤ ረድፎችን የሚያጣራው «ዌር» ደግሞ እውነትነቱ የተረጋገጠለትን ረድፍ ብቻ ስለሚያሳልፍ አንድም ደንበኛ አይወጣም። ይህን በአንድ መስመር የግርጌ ማስታወሻ ማለፋችን የእኛ ጥፋት ነው። በአዲሱ ሰነድ ግን «ውጤቱ ባዶ ሆነብኝ» በሚል ርዕስ ሥር፣ ሁለት ትንንሽ ሠንጠረዦች፣ ችግሩን የሚፈጥረው ኩዌሪ እና በ«ኖት ኤግዚስትስ» («ተዛማጅ ረድፍ የሌለው» ማለት ነው) የታረመው ጎን ለጎን ቀርበዋል።

የቀን ጉዳይም ተመሳሳይ ነው። ሰዓትን ጭምር በሚይዝ ዓምድ ላይ፣ ከወሩ የመጀመሪያ ቀን እስከ መጨረሻው ቀን ብሎ በ«ቢትዊን» የሚጠይቅ ሰው የመጨረሻው ዕለት ሽያጭ ከሞላ ጎደል ይቀርበታል፤ ሰዓት ያልተጻፈለት ቀን የሚወሰደው 00:00 ተብሎ ነውና። ጉድለቱን ቀድሞ የሚያየውም አብዛኛውን ጊዜ ፕሮግራመሩ ሳይሆን የሂሳብ ክፍሉ ነው። ከወሩ የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ከሚቀጥለው ወር የመጀመሪያ ቀን በፊት ያለውን ሁሉ መጠየቅ ችግሩን ያስቀረዋል።

በአዲሱ ሰነድ ስለ ፍጥነት የሚያወሳው ክፍል ዳታቤዙ ኩዌሪውን እንዴት እንደሚያስኬድ የሚያሳየውን «ኤክስፕሌይን»ን ከማስተዋወቅ ብዙም አያልፍም፤ የመዘግየት ምክንያት እንደ ሠንጠረዡ መጠንና እንደ ኢንዴክሱ (ረድፎችን ቶሎ ለማግኘት እንደሚረዳው ማውጫ) ስለሚለያይ፣ አጠቃላይ ምክር ሊያሳስት ይችላል ብለን እናምናለን።

ጥያቄ ስትልኩልን ከኩዌሪው ጋር የሠንጠረዡን አወቃቀር፣ ጥቂት የናሙና ረድፎችንና የጠበቃችሁትን ውጤት በጽሑፍ እንድታያይዙልን በትሕትና እንጠይቃለን። ከስክሪን ፎቶ ላይ ኩዌሪ መገልበጥ ለእኛም አዲስ ስህተት ይፈጥራል። በናሙናው ውስጥ የሰዎች ትክክለኛ ስምና ስልክ ቁጥር እንዳይኖርም አደራ እንላለን። አዲሱ እስኪጠናቀቅ የቀድሞው ሰነድ ባለበት ይቆያል።

ከአክብሮት ጋር፣
የደንበኞች ድጋፍ ክፍል