ለሂሩት፣ ሴንቶሳ ከመሄዳችሁ በፊት

ሂሩትዬ፣

«እንደምን ከርመሻል» ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን አንድ ዓመት ከስምንት ወር ጠፍቶ እንዲህ ማለት ፊት ይጠይቃል። ያውም እዚሁ ሲንጋፖር፣ በባቡር አርባ ደቂቃ ተራርቀን! ጥፋቱ የኔ ነው፤ ምክንያት አልደረድርም። ስታኮርፊ ልክ ነበርሽ፤ ከዚህ በኋላም ማኩረፍ ትችያለሽ፣ አሁን ግን ስሚኝ።

አዜብ ነገረችኝ። በልጆቹ የጁን እረፍት ሴንቶሳ ደሴት ላይ ሁለት አዳር ይዛችኋል፤ ለመጀመሪያው ቀን ደግሞ እዚያው ያለውን የመዝናኛ ፓርክ፣ የዩኒቨርሳል ስቱዲዮስን ቲኬት ቆርጠሻል። ሁለተኛውን ስሰማ ዝም ብዬ መቀመጥ አልቻልኩም። «ከፍዬበታለሁ» ብለሽ ልጆቹን ከበሩ መከፈቻ እስከ መዝጊያው ስትጎትቺ ታየኝ። የላንጋኖዋ ሂሩት እኮ ነሽ! (ድስቱን አላነሳም፤ ቃል ገብቻለሁ።)

ቀኑን መቀየር የሚቻል ከሆነ ዛሬውኑ ወደ ሁለተኛው ቀን አዙሪው። ሆቴሎቹ ክፍል የሚሰጡት ከቀኑ 9 ሰዓት ነው (ሰዓቱን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ፣ እንዳትሳሳቺ)። ዩኒቨርሳል አብዛኛውን ጊዜ በ4 ይከፈታል። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ከገባችሁ በሙቀቱ መሐል ማረፊያ የላችሁም፤ ሚሚ በ7 ሰዓት እንቅልፏ ሲመጣ ጋሪ ላይ ታንቀላፋለች፣ ናቲ «ደከመኝ» ይላል፣ ባልሽ ደግሞ ዝም ይላል፤ የእሱ ዝምታ ምን እንደሆነ ታውቂዋለሽ። በሁለተኛው ቀን ግን ክፍሉ ጧትም ማታም የእናንተ ነው። በ4 ግቡ፣ 8 ሰዓት ላይ ውጡ፣ መጋረጃ ዘግታችሁ ተኙ። የቀረ ነገር ካለ በዚያው ቀን መመለስ ይቻላል፤ ስትወጡ በሩ ላይ እንደምትመለሱ ተናግራችሁ እጃችሁ ላይ ማህተም አስመቱ። ደሴቱ ላይ አዳር መያዝ ገንዘብ የሚያወጣው ለዚህች የቀትር እንቅልፍና ማለዳ ሰው ሳይመጣ ለምታገኙት ባሕር ዳርቻ ነው። ያለዚያማ ከቤታችሁ ተመላልሳችሁ በግማሽ ዋጋ ትጨርሱት ነበር።

አሁን ዋናው ጭንቀቴ። ሚሚን ዛሬ ማታ ጫማዋን አውልቀሽ ከበር መቃን ጋር አስደግፈሽ ለኪያት። መጨረሻ ሳያት እቅፌ ውስጥ ነበረች፤ አሁን ስንት ሴንቲሜትር እንደደረሰች አላውቅም፤ ይህን ስጽፍ ራሴን ታዘብኩት። በአራት ዓመቷ መቶ አካባቢ ትሆናለች ብዬ እገምታለሁ፤ ችግሩ ደግሞ እዚያው መቶ አካባቢ ነው ያለው። የዩኒቨርሳል ብዙዎቹ መጫወቻዎች ከተወሰነ ቁመት በታች ያለን ልጅ አያስወጡም፤ ካኖፒ ፍላየርና ኢንቻንትድ ኤርዌይስ የሚባሉት 92 ሴንቲሜትር ይበቃቸዋል። ፑስ ኢን ቡትስ 100 ይላል። ትራንስፎርመርስ 102፣ የጁራሲክ ፓርኩ የውሃ ጀልባ 107። መሚ 122፣ ባትልስታር ጋላክቲካ የሚባሉት ሁለቱ ትልልቅ ሮለር ኮስተሮች 125። ናቲ በዘጠኝ ዓመቱ ሁሉንም ሳያልፋቸው አይቀርም። ሚሚ ግን 101 ብትሆን አንዲት ሴንቲሜትር ታስለቅሳታለች። የሚለኩት ሠራተኞች ጨካኞች አይደሉም፣ ግን አይደራደሩም፤ የመቀመጫው ማቆሚያ ብረት ትንሽ ሰውነት ላይ ጠብቆ አይቀመጥምና። ወፍራም ሶል ያለው ጫማ አድርገሽላት ብታልፍ እንኳ ቀጣዩ በር ላይ ሌላ ሰው ይለካታል። ስለዚህ ከቤት ሳትወጡ «ይሄና ይሄ ያንቺ ነው፣ ያኛው የናቲ ነው» ብለሽ ጨርሺው። ወረፋ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሰማ ልጅ ጩኸቷ ሌላ ነው።

ናቲ ትልልቁን ሲወጣ አንዳችሁ ከሚሚ ጋር መቅረታችሁ ነው። ሁለት ጊዜ እንዳትሰለፉ። ወረፋው መግቢያ ላይ ያለውን ሠራተኛ ተራ በተራ መውጣት እንደምትፈልጉ ንገሩት፤ አንዱ ሲመለስ ሌላው ከመጀመሪያው ሳይሰለፍ ይገባል። ይህን ብዙ ቤተሰብ አያውቀውም፣ እነሱም ካልጠየቅሽ አይነግሩሽም። የውሃ ጀልባዋን ደግሞ ከመውጣታችሁ በፊት መጨረሻ አድርጓት፤ የምታረጥበው ካልሲ ድረስ ነው። ከዚያ በቀጥታ ወደ ክፍላችሁ።

ስለ ክፍሉ አንድ የሙያ ምስጢር። የሆቴል ሰው ጓደኛ ኖሮሽ እንዳትጠቀሚበት ያደረግኩት እኔው ነኝና ይካስ። በኢንተርኔት ስትይዢ የጻፍሽው «ሁለት አልጋ ይሁንልን» የሚል ማስታወሻ ጥያቄ እንጂ ውል አይደለም። ክፍል ቁጥር የሚደለደለው እንግዳው ከመምጣቱ በፊት ባለው ቀን ወይም በዚያው ጧት ነው። ከሁለት ቀን በፊት ደውይና የልጆቹን ዕድሜ ተናግረሽ አስመዝግቢ፤ ብዙ ሆቴሎች ልጅ ያለተጨማሪ አልጋ የሚያስተኙት እስከ ተወሰነ ዕድሜ ነው፣ ናቲን ያልቆጠሩት እንደሆነ ጠረጴዛው ጋ ስትቆሚ ሌላ ሂሳብ ይመጣል። ቁርሱም እንዲሁ፤ «ቁርስ ያካትታል» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ለሁለት አዋቂ ነው።

ዋጋው ጎን ሁለት የመደመር ምልክት ካየሽ ያ ዋጋ አላለቀም። 10 በመቶ የአገልግሎት ይጨመራል፣ በዚያ ድምር ላይ 9 በመቶ ታክስ ይጨመራል። 400 ዶላር ብለሽ የያዝሽው ክፍል 479 ዶላር ከ60 ሳንቲም ይሆናል፣ ለአንድ አዳር። ዲፖዚቱን በዴቢት ካርድ አትስጪ፤ ገንዘቡ ከሒሳብሽ ወጥቶ ለመመለስ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል። ክሬዲት ካርድ ላይ ግን ታግዶ ይቆይና ይለቀቃል።

መግቢያውን ታውቂዋለሽ ብዬ ነበር፣ ግን አንቺ ሁልጊዜ በታክሲ ነው የምትሄጂው። ከቪቮሲቲ የገበያ ማዕከል ሦስተኛ ፎቅ የሚነሳው ሞኖሬይል (ባለ አንድ ሐዲዱ ባቡር)፣ ሴንቶሳ ኤክስፕረስ፣ ለአንድ ሰው 4 ዶላር ነው፤ የሚከፈለው ወደ ደሴቱ ሲገባ ብቻ ነው። መውጫው ነጻ፣ ደሴቱ ውስጥ ከጣቢያ ጣቢያ ነጻ፣ አውቶቡሶቹና የባሕር ዳርቻው መኪናም ነጻ። ከሦስት ዓመት በታች ያሉ አይከፍሉም፤ ሚሚ አልፋዋለች። ራት ልብላ ብላችሁ ወደ ቪቮሲቲ ወጥታችሁ በተመለሳችሁ ቁጥር ግን አራታችሁ 16 ዶላር ትከፍላላችሁ። ስለዚህ ሲመሽ ለመመለስ የእግር ድልድዩን ያዙ፤ ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው፣ ጣራ አለው፣ ምንም አይከፈልበትም። ቪቮሲቲ ፌርፕራይስ ሱፐርማርኬት ገብታችሁ ውሃ መያዣ፣ ፍራፍሬ፣ ዳቦ ያዙ፤ ደሴቱ ላይ ሁሉም ነገር ውድ ነው። የቧንቧው ውሃ ይጠጣል፣ ጠርሙስ ውሃ አትግዙ። የሰኔ ጾም ላይ መሆንሽንም አልረሳሁም፤ ሞኖሬይሉ አጠገብ ያለው የምግብ አዳራሽ፣ ፉድ ሪፐብሊክ ውስጥ አትክልትና ቶፉ አታጪም፣ ብቻ መረቁ ከምን እንደተሠራ ጠይቂ። ሥጋ የሌለበት የሚመስለው ብዙ ጊዜ የዓሣ ወይም የዶሮ መረቅ አለው።

ዝናቡ። እዚህ አገር ነጎድጓድ የማይሰማበት ሳምንት እንደሌለ ታውቂያለሽ። መብረቅ ሲቃረብ ማስጠንቀቂያ ይነፋና መዋኛው ይዘጋል፣ ከቤት ውጭ ያሉት መጫወቻዎች ይቆማሉ። ገንዘብ አይመለስም። በብዛት የሚመጣው ከቀትር በኋላ ስለሆነ መዋኛውን ለማለዳ አድርጉት፣ ከ2 ሰዓት እስከ 4። የሦስተኛውን ቀን ጧት እንዲህ ተጠቀሙበት፤ ዋናው እንዳለቀ ከመውጫው ሰዓት በፊት ክፍላችሁ ውስጥ ታጥባችሁ ትወጣላችሁ። የዋና ልብሱን ግን የመጀመሪያው ቀን ከሻንጣው ለይተሽ በትንሽ ቦርሳ ያዢ። ክፍሉ ባይደርስም ሻንጣችሁን በሩ ላይ ተቀብለው ያስቀምጡላችኋል፣ መዋኛውንም ይፈቅዱላችኋል፤ ሻንጣ መጋዘን ከገባ በኋላ ፓንት ፍለጋ መክፈት ግን አይመችም።

ቀኑን ሙሉ ከዘነበ ወደ ኦሺናሪየም ግቡ። የድሮው አኳሪየም (የባሕር እንስሳት ማሳያ) ነው፣ በ2025 ጁላይ ወር በሦስት እጥፍ አስፍተው ከፍተውታል። ሁለት ሦስት ሰዓት ይወስዳል፤ ለሚሚ ሹራብ ያዢላት፣ ውስጡ ይበርዳል። ቲኬቱን ዝናብ እስኪጀምር አትጠብቂ፣ ያን ጊዜ ደሴቱ ሁሉ እዚያ ነው የሚሮጠው።

የባሕር ዳርቻዎቹ ሦስት ናቸው። ሲሎሶ ጫጫታ ነው። ታንጆንግ ጸጥ ያለ ነው፣ ግን ለልጅ ብዙ ነገር የለውም። ለእናንተ ፓላዋን ነው፤ ውሃው በድንጋይና በትንንሽ ደሴቶች ስለታጠረ ማዕበል የለውም። በተንጠልጣይ ድልድይ ተሻግራችሁ «የአህጉረ እስያ ደቡባዊ ጫፍ» የሚል ጽሑፍ ታገኛላችሁ። ደሴት እንዴት አህጉር ይሆናል ብሎ ናቲ ይከራከራል፤ ለአባቱ ተዪለት። አሸዋው ላይ ግን ጀንበር ስትጠልቅ እግራቸውን የሚሸፍን ሱሪ አልብሻቸው። የአሸዋ ዝንብ የምትባል አለች፣ አትታይም፣ ሲነክስ አይሰማም፣ በማግስቱ ግን እግራቸው በቀይ ነጠብጣብ ይሞላና ሳምንት ያካቸዋል። ስለ ፀሐይ አልነግርሽም፤ ቅባቱን በየሁለት ሰዓቱ ብቻ። ጣዎሶቹን አትመግቡ፣ ጦጣ ከመጣም እንዲሁ፤ የዱር እንስሳ መመገብ ከ2020 ጀምሮ እስከ 5,000 ዶላር ያስቀጣል።

ለናቲ ሲሎሶ ምሽግን አትርሺ። እንግሊዞች የተከሉት መድፍ፣ የምድር ውስጥ መተላለፊያ፣ በ1942 (በፈረንጆቹ) እንግሊዞች ለጃፓን እጅ የሰጡበት ታሪክ፣ ሁሉም በነጻ። አሥራ አንድ ፎቅ ያህል ከፍ ብሎ በዛፎቹ አናት ላይ የሚያልፈው መንገድም በነጻ ነው፣ በሊፍት ነው የሚወጣው። ደሴቱ ድሮ ስሙ ብላካንግ ማቲ ነበር፣ ሞት ያለበት ስም፤ ሴንቶሳ፣ ማለትም ሰላም፣ የተባለው መዝናኛ ሊያደርጉት ሲያስቡ ነው። ይህን ለናቲ ስትነግሪው ዓይኑ እንዴት እንደሚሆን ማየት ነበር የምፈልገው።

ሉጁን (ቁልቁል የሚነዳውን ጋሪ) ብትወጡ፣ ናቲ ብቻውን መንዳት ይችላል፤ ከስድስት ዓመትና ከ110 ሴንቲሜትር በላይ ነው። ሚሚ ከአባቷ ጋር። መሪውን ወደ ራሳችሁ ስትስቡት ነው ፍሬኑ የሚይዘው። ነጠላ ጫማ አድርጎ እግሩን መሬት ላይ የሚጎትት ልጅ ጫማውን መንገድ ላይ ይጥላል፤ የሚታሰር ጫማ አድርጉ።

የማታውን የውሃና የእሳት ትርኢት፣ ዊንግስ ኦፍ ታይምን... እዚህ ላይ ትንሽ አፌ ተያያዘ። ሁለት ጊዜ ነው የሚታየው፣ 1:40 እና 2:40። ልጆቹ የመጀመሪያውን ቢያዩ ይበቃቸዋል፤ የሁለተኛው ሰዓት እንቅልፋቸው ነው። አንቺና ባልሽ ግን የ2:40ውን ብቻችሁን ብታዩት... ማለቴ፣ በሁለተኛው ቀን ማታ እኔ ሥራ የለኝም። በእግር ድልድዩ መጥቼ ከልጆቹ ጋር መቀመጥ እችላለሁ። አላድርም፤ ጎብኚ እንደሆንኩ ለእንግዳ መቀበያው ንገሪያቸው፣ ስሜን ይመዘግባሉ፣ ስትመለሱ እሄዳለሁ። ሚሚ እንደማታውቀኝ አውቃለሁ። ቀድሜ በ11 ሰዓት ብመጣና ፓላዋን ላይ አብሬያት አሸዋ ብጫወት፣ እስክትተኛ ትለምደኝ ይሆናል።

እምቢ ካልሽም አልቀየምም፤ በየትኛው አፌ! የሚሚን ቁመት ብቻ ላኪልኝ።

ያንቺው
ማርታ