ደብዳቤ ለልጄ፦ ካሜራውን ሽጪው፣ ብድር ግን አትግቢ

ልጄ፣

ወንድምሽን አትቆጪው። አፋጥጬ ያናገርኩት እኔ ነኝ። ከሥራ መቀነስሽን ከራስሽ አፍ ሰምቻለሁ፤ ያን ለት በስልክ ስትነግሪኝ ድምፅሽ ጠንከር ያለ ስለነበር «አይ፣ ይቺ ልጅ ትወጣዋለች» ብዬ እፎይ ብዬ ነበር። ከሱ የሰማሁት ግን ሌላ ነው። ለቤት ኪራይ ከሱ ተበድረሻል፤ ጓደኞችሽንም ጠይቀሻል። ይህን ሁሉ ያደረግሽው ያ የድሮ ካሜራሽ፣ ላይካው፣ እንዳይሸጥ ብለሽ ነው።

ያልደወልኩልሽ ስለማውቅሽ ነው። ገና ሁለት ቃል ሳልናገር «እሺ አባዬ፣ ገብቶኛል» ብለሽ ትዘጊብኛለሽ። ወረቀት አይዘጋም።

አትበደሪ። ሌላውን ባታነቢ ይህችን አንብቢ።

እናትሽ አጠገቤ ተቀምጣ «ለስለስ አድርገህ ጻፍላት፣ ልጅቷ ተጎድታለች» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ዓመታት የለፋሽበት መሥሪያ ቤት በአንድ ገጽ ወረቀት ሲያሰናብትሽ ምን እንደሚሰማ አውቃለሁ ብዬ አልዋሽሽም፤ እኔን አልገጠመኝም። እንቅልፍ እንዳጣሽ ግን አልጠራጠርም። ከልጅነትሽ ጀምሮ ሲጨንቅሽ ሌሊት ተነስተሽ ዕቃ ታጸጃለሽ። ይሄን ሰሞን ካሜራውን ስንቴ ወልውለሽዋል? ብቻ ሌንሱን በደረቅ ጨርቅ እንዳትፈትጊው። የድሮ ሌንስ መስታወቱ ላይ የተቀባው ሽፋን ስስ ነው፤ ቶሎ ይጫራል፣ ሲጫር ደግሞ ዋጋው ይወርዳል። መጀመሪያ አቧራውን ንፊበት፣ ከዚያ ለስላሳ ብሩሽ።

ላይካሽን እንደ ተራ ዕቃ ቆጥሬው አይደለም። ኤም 3 ምን እንደሆነ ያስተማርሽኝ አንቺው ነሽ። በ1954 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ እስከ 1966 የተመረተ፣ ባትሪ የሚባል ነገር የማያውቅ፣ ውስጡ ጥርስና ሞላ ብቻ የሆነ ማሽን። ሹተሩ፣ ማለትም ለብርሃን የሚከፈተውና የሚዘጋው መጋረጃ፣ ጨርቅ ስለሆነ ሌንሱን ሳይከድኑ ፀሐይ ላይ ቢተዉት ብርሃኑ ተሰብስቦ ሊበሳው እንደሚችል ስትነግሪኝ፣ ደንግጬ በሁለት እጄ የጋረድኩት ትዝ ይልሻል? ያን ጊዜ ደግሞ ቤት ውስጥ ነበርን። እናትሽ እስካሁን ትስቅብኛለች።

ያኔ ግን ሌላም ነገር ነግረሽኛል። የዚህ ካሜራ ዓይነት ከ200,000 በላይ ተሠርቷል ብለሽኛል። ብዙዎቹ ዛሬም ያነሳሉ፤ ሲደክሙም ፈትቶ፣ አጽድቶ፣ ዘይት ቀብቶ የሚመልሳቸው ባለሙያ አይጠፋም። አዲስ ዲጂታል ካሜራ ከሱቅ በወጣ ማግስት ዋጋው መውረድ ይጀምራል፤ ያንቺው መውረዱን ድሮ ጨርሷል። ስለዚህ ሥራ አግኝተሽ እጅሽ ሲፈታ ሌላ ኤም 3 ታገኛለሽ፤ ምናልባት ከሸጥሽበት ጨምረሽ። ያው ራሱ አይሆንም፤ ጥጉ ላይ ሽፋኑ የተላጠው፣ ያንቺ እጅ የለመደው አይሆንም። ይሄን አልክድሽም። ሳስበው እኔንም ይከፋኛል።

ቢከፋም ይሻላል። የአጎትሽን አኮርዲዮን ነገር ግማሹን ታውቂዋለሽ፤ ከቁም ሳጥኑ በላይ ያለውን ጥቁር ሳጥን እንዳትነኪ እየተባልሽ ነው ያደግሽው። ሌላውን ግማሽ አልነገርንሽም።

ወንድሜ የሒሳብ ሥራውን ሲያጣ ያ አኮርዲዮን በሙሉ ክብሩ ላይ ነበር። ትልቁ ዓይነት ነው፤ በቀኝ 41 ቁልፍ፣ በግራ 120 የባስ አዝራር። ደረቱ ላይ ሲያንጠለጥለው ከሱ አገጭ በታች ሌላ ነገር አይታይም ነበር። አንድ ገዢ ተገኘ፤ ዋጋውም ደህና ነበር። ወንድሜ «እጅህን ቁረጥ በሉኝ» ብሎ መለሰው። እኛም አጨበጨብንለት! የጥበብ ሰው እንዲህ ነው፣ ለገንዘብ አይንበረከክም፣ ምናምን አልን። የኪራዩ ቀን ሲደርስ ከኔ ተበደረ። ትንሽ ገንዘብ ነበረች። ቀጥሎ የኔን ለመክፈል ከጓደኛው ተበደረ። የጓደኛውን ለመክፈል ከድሮ አለቃው። እንዲህ እየዞረ ማን ከማን በፊት እንደሆነ እሱም ጠፋበት። የሒሳብ ሰው ነበርኮ!

ከዚያ መቅረት ጀመረ። ሰው በሚሰበሰብበት ቀን አይመጣም። መንገድ ላይ ከሩቅ ካየኝ ተሻግሮ ይሄዳል፤ እኔም እንዳላየሁ እሆናለሁ፣ እንዳላሳቅቀው። አንድ ቀን ቤቱ ድረስ ሄጄ «ገንዘቡን ተወው» አልኩት። ተወው ያልኩትን አልሰማም፤ የሰማው ገንዘብ የሚለውን ብቻ ነው። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት።

አኮርዲዮኑስ? አኮርዲዮን በሹክሹክታ የሚጫወቱት ነገር አይደለም። ጎረቤት ይሰማል። አበዳሪ ደግሞ ሲሰማ «የኛን ገንዘብ ይዞ ይዘፍናል» ይላል፤ አንዱ በግልጽ ብሎታል አሉ። ስለዚህ ከነሳጥኑ ዘጋው። ያን ሁሉ የተበደረበትን ዕቃ መንካት አቆመ፤ እንግዲህ ይሄ ነው የማልነግርሽ የነበረው ግማሽ።

አንዴ በሩ ላይ ቆሜ ሰምቼዋለሁ። መሸት ብሏል። ቤቱ ውስጥ ብቻውን ነው፤ በጣም ዝቅ አድርጎ፣ መንፊያውን በጭንቅ እያንቀሳቀሰ፣ እናታችን የምትወደውን ዜማ ይሞክራል። እጄን ለማንኳኳት አንስቼ ነበር። ካንኳኳሁ ለገንዘቡ የመጣሁ ይመስለዋል ብዬ መልሼ አወረድኩት፤ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ከዚያ በኋላ ሲጫወት ሰምቼው አላውቅም። ካረፈ በኋላ ሳጥኑን ስንከፍተው ድምፅ የሚሰጡትን የብረት ምላሶች የሚይዘው ሰም ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር። ሳይነካ የተቀመጠ አኮርዲዮን እንደዚያ ነው፤ ሰሙ ይሰነጠቃል፣ የቆዳ ክዳኖቹ ይጠቀለላሉ፣ ግማሹ ድምፅ ይጠፋል። አላሳደስነውም። እናትሽ አቧራውን ትጠርጋለች፣ እኔ አልነካውም።

ወንድምሽ ስላንቺ ሲነግረኝ የመጣብኝ ያ በር ነው። ሁለታችሁ እንደዚያ እንድትሆኑ አልፈልግም። አትበደሪ።

አሁን ደግሞ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዢ።

እጅሽ ላይ ያለው ገንዘብ ስንት ወር ያኖርሻል? ኪራይ፣ ምግብ፣ መብራት፣ ትራንስፖርት፣ ስልክ ብለሽ ደምሪና አካፍዪ፤ በግምት ሳይሆን ባለፉት ወራት ካወጣሽው። የመሰናበቻ ክፍያ የሚገባሽ ከሆነ ተከታተዪ፤ አፍሬ ተውኩት እንዳትዪኝ። የሥራ ልምድ ማስረጃሽንም አሁኑኑ ውሰጂ፤ የሚያውቅሽ አለቃ ከተቀየረ በኋላ ማስረጃ ማስጻፍ ሌላ ጣጣ ነው።

ገንዘቡ ገና ጥቂት ወራት የሚያስኬድ ከሆነ ሽያጩን አሁን ጀምሪ። አዎ፣ እያለሽ። አንቺ የምታስቢው እስከ መጨረሻው ድረስ ልያዘው፣ ሲብስ እሸጠዋለሁ ነው። ሲብስማ የሚሸጥ ሰው ዋጋ አይመርጥም፤ ገዢ ደግሞ የቸገረውን ሰው ከአነጋገሩ ያውቀዋል። ዛሬ «አይሆንም» ብለሽ ስልክ መዝጋት ትችያለሽ፣ ኪራዩ ሁለት ቀን ሲቀረው ግን አትችዪም።

ከሌንሱ ጀምሪ። ያ የ90 ሚሊ ሜትሩን ከቦርሳ ስታወጪው አይቼ አላውቅም። ያንቺ ካሜራ ሌንስ መግጠሚያ ዛሬ በሚሠሩት የላይካ ኤም ካሜራዎችም ላይ ያው ነው ብለሽኝ ነበር፤ በአዳፕተርም ሌሎች ዲጂታል ካሜራዎች ላይ ይገጠማል። ስለዚህ ፊልም የማያነሳ ሰውም ሌንሱን ሊፈልገው ይችላል፣ ካሜራውን ግን በአብዛኛው የሚፈልገው ፊልም የሚያነሳ ነው። ማን ያውቃል፣ ሌንሱ ብቻ በቂ ጊዜ ይገዛልሽ ይሆናል። ካልበቃ ካሜራውም ይሂድ። ሌላውን፣ ዲጂታል ካሜራሽን ግን እንዳትነኪው! በሱ ሥራ ተቀብለሽ ልታነሺበት ትችያለሽ፤ የሚወደደው ሌላ፣ እንጀራ የሚያበላው ሌላ።

አስይዘሽም አትበደሪ። አንዷ ጓደኛሽ መክራሻለች አሉ። ዕቃ ይዞ የሚያበድር ሰው ከዕቃው ዋጋ በታች ነው የሚሰጥሽ፤ ወለዱ ይቆጥራል፣ ቀኑ ካለፈ ዕቃውም እዚያው ይቀራል። ከሽያጭ ያነሰ ገንዘብ ተቀብለሽ ካሜራውንም ታጪያለሽ። እሱም ብድር ነው።

ስትሸጪ ጉድለቱን ራስሽ ቀድመሽ ተናገሪ። በሌንሱ ውስጥ በባትሪ መብራት አብርተሽ ፎቶ አንሺው፤ ጉም መሰል ነገር ካለ ወይም ሻጋታ ካለ ይታያል። ሹተሩን በዝግታው ፍጥነት፣ በአንድ ሰከንዱ፣ ደጋግመሽ ሞክሪው፤ ዘይቱ ከደረቀ እዚያ ላይ ይጎተታል። የተላጠውንም ጥግ አሳዪ። የሚደበቅ ነገር ካለ ገዢው ኋላ ያገኘዋል፣ ከዚያ «ገንዘቤን መልሺ» ይመጣል፤ ገንዘቡ በኪራይ ካለቀ በኋላ ያ ደግሞ ሌላ ዕዳ ነው።

ለሱቅ ብትሸጪው ያነሰ ይሰጡሻል፤ እነሱም አትርፈው፣ ዋስትና ሰጥተው ነው የሚሸጡት። ለሰው ብትሸጪው ይሻላል፣ ጣጣው ግን ይበዛል። ቀን፣ ሰው ባለበት ቦታ ተገናኙ። ብቻሽን አትሂጂ፤ ወንድምሽን ውሰጂው፣ አፍሮ ካልተደበቀ። ገንዘብ አስገባሁ ብሎ የስልኩን ስክሪን ቢያሳይሽ አትመኚ፤ የራስሽን ሂሳብ ከፍተሽ እስክታዪ ካሜራው ከአንገትሽ አይውረድ። ካልሽው ዋጋ በላይ ልኮ «ትርፉን መልሺልኝ» የሚልሽ ሰው ቢመጣ ሌባ ነው፤ መልስም አትስጪው።

ፊልም ውስጡ እንዳለ እንዳትሰጪ። ፊልሙን መልሶ የሚጠቀልለውን ክብ መዘውር በቀስታ ወደ ቀስቱ አዙሪው፤ እምቢ ካለ ፊልም አለበት። ጠቅልለሽ አውጥተሽ አሳጥቢው። ኔጋቲቮችሽን ሁሉ በአንድ ሳጥን አድርገሽ ለኛ ላኪ፤ የሚሸጠው ማሽኑ ነው፣ ያነሳሽው ያንቺ ነው።

እናትሽ «አንተ ለምን አትገዛላትም፣ ሲሻላት ትመልስልሃለች» አለችኝ። እሷው ራሷ ሳትጨርስ ሳቀች። «ስትመልስ» ካለበት ብድር ነው፤ ስሙን ቀይረን ለልጃችን አናበድርም። እኛ የምንልክልሽ ትንሽ ነገር አለ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይደርስሻል። እሱ ስጦታ ነው፤ አይመለስም፣ አይጻፍም፣ ወሬም የለውም። ኪራዩ ከከበደሽ ደግሞ ክፍልሽ አለ። ልብስ መስቀያ አድርገነዋል እንጂ አልጋው አልተነሳም። መጥተሽ ብትተኚበት ማንም «ተመለሰች» አይልሽም፤ ቢልም እኔ እመልስለታለሁ።

የወንድምሽን ገንዘብ ሌንሱ በተሸጠ ቀን መልሺ። ከሁሉ በፊት፣ ከኪራዩም በፊት። ልጁ ለሚስቱ አልነገራትም፤ የሚያሳቅቀው ገንዘቡ ሳይሆን ከሷ መደበቁ ነው። ስትሰጪው አብራችሁ ተቀመጡ፣ ሌላ ወሬ አውሩ፣ አስቂው። በስልክ አስተላልፈሽ ብቻ እንዳትተዪው። ጓደኞችሽንም ደውለሽ «አያስፈልገኝም፣ ተወት አድርጉት» በያቸው። አትበደሪ ልጄ፤ አራተኛ ይሁን አምስተኛ ጊዜ ጻፍኩት፣ እናትሽ እየቆጠረች ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ። ካሜራውን ከማስረከብሽ በፊት አናቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር በትክክል ገልብጠሽ ላኪልኝ። ገዢውም ደግ ሰው ከሆነ አድራሻውን ጠይቂው፤ መሸጥ የፈለገ ቀን መጀመሪያ ለኛ እንዲነግረን። ቢሰጥሽ ደህና፣ ባይሰጥሽም አትለማመጪው።

አባትሽ

እናትሽ የምትለው፦ ነገ ማታ ደውዪ፤ ለሱ ሳይሆን ለኔ። እሱ ከተኛ በኋላ።