ሬዲዮው አለ፣ ቦርሳው ነው የጎደለው

ጅማና ዙሪያዋ ያላችሁ፣ ከጅማ ወጥታችሁም ቤት እየደወላችሁ «ዝናቡ እንዴት ነው?» የምትሉ ሁሉ፣ ይህ ጥሪ ለእናንተ ነው።

እኛ የአማተር ሬዲዮ ፈቃደኞች ነን። ሥራችን የሚጀምረው ስልክ ሲዘጋ ነው። ጎርፍ መንገድ ሲቆርጥ፣ ናዳ ምሰሶ ይዞ ሲወርድ፣ መብራት ጠፍቶ ሲያድር የኔትወርክ ማማው ባትሪ ያልቃል። ጀነሬተር ቢኖረውም ነዳጅ የሚያደርስበት መንገድ ተዘግቷል። (ከግልገል ጊቤ ግድብ ጎረቤት ሆነን ሻማ ፍለጋ መሯሯጣችንን ተዉት፤ እሱ ራሱን የቻለ ጨዋታ ነው።) ማማው ቢተርፍ እንኳ ሁሉም በአንዴ «ደህና ናችሁ ወይ?» እያለ ሲደውል መስመሩ ይጨናነቃል። አማተር ሬዲዮ ማማ አይጠብቅም። አንዱ ሬዲዮ ለሌላው በቀጥታ ይናገራል።

በ2016 ዓ.ም ሐምሌ ጎፋ ዞን ላይ የሆነውን አልረሳነውም። በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰበው ሰው ላይ ሁለተኛው ናዳ ወረደበት። ከ200 በላይ ወገኖቻችን አለቁ። ሬዲዮ ናዳ ያስቆማል ብለን አንዋሽም። ግን ከላይ ሆኖ ተዳፋቱን የሚያይ ሰው፣ ታች ከሚቆፍሩት ጋር የሚያገናኘው ነገር በእጁ ካለ፣ «ውጡ!» ለማለት ዕድል ይኖረዋል።

እናም አሁን የምንለምነው ሬዲዮ አይደለም። እንዲያውም ሬዲዮ እንዳትልኩልን አደራ። የሬዲዮ መሣሪያ ያለ ኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ አይያዝም። ከውጭ በሻንጣ የመጣ መሣሪያ ጉምሩክ ላይ ሊቀር ይችላል፤ ላኪውንም ተቀባዩንም ያስጠይቃል። የመሣሪያውን ጉዳይ በወረቀቱ መንገድ እኛው እንሄድበታለን። ከእናንተ የምንፈልገው በሌሊት ሲጠሩን አንስተነው የምንወጣው ቦርሳ ውስጥ የሚገባውን ነው። ለጊዜው አሥር ቦርሳ መሙላት አስበናል።

ከሁሉ በፊት ባትሪ። የእጅ ሬዲዮ ሲያዳምጥ ብዙ አይበላም። በ5 ዋት መናገር ሲጀምር ነው ባትሪውን የሚጨርሰው። ሥራ በበዛበት ቀን አንድ ባትሪ እስከ ማታ አያደርስም። ስለዚህ በእያንዳንዱ ቦርሳ ትርፍ ባትሪ፣ ከተቻለም ከሱቅ የሚገዛ ተራ ባትሪ የሚያስገባ መያዣ እንፈልጋለን። ከሩቅ ለሚያገናኘው ትልቁ ሬዲዮ ደግሞ 12 ቮልት ባትሪና ታጣፊ ሶላር ያስፈልጋል። የባጃጅ ሾፌሮች፣ እናንተ ጋ ጥሩ ነገር አለ። የባጃጅ ባትሪ 12 ቮልት ስለሆነ፣ መቆንጠጫ ያለው ገመድ ብናዘጋጅ ሞተራችሁን አስነስታችሁ ልታግዙን ትችላላችሁ። ገመዱን እኛ እንሠራዋለን። ፊውዙ ከባትሪው አጠገብ በቀዩ ገመድ ላይ ይገባል። ያ ፊውዝ ከሌለ ገመዱ ተላልጦ ሲነካካ ቦርሳው ሊቃጠል ይችላል። ስለ ፊውዝ ከእኔ ጋር መከራከር አይቻልም።

ቀጥሎ አንቴና። የእጅ ሬዲዮ የሚደርሰው እንደ ዓይን ነው ማለት ይቻላል፤ ጅሬን ጉብታ ላይ ቆማችሁ ከተማውን እንደምታዩት። አዌቱ ዳር ዝቅ ካላችሁ ግን ማዶ ካለው ሰፈር ጋር መነጋገርም ሊያቅት ይችላል። አንቴናው ከፍ ሲል ብዙ ነገር ይቀየራል። ዲሽ ከመምጣቱ በፊት ቴሌቪዥኑን ከጣሪያው አንቴና ጋር የሚያገናኘው ያ ጠፍጣፋ ባለ ሁለት መስመር ሽቦ ትዝ ይላችኋል? ከእሱ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ሲቆረጥና በትክክል ሲበየድ፣ ተጠቅልሎ ኪስ የሚገባ፣ ሲፈለግ በገመድ ዛፍ ላይ የሚሰቀል አንቴና ይወጣዋል። በየቤታችሁ ጣሪያ ሥር አቧራ የጠጣ ካለ አትጣሉት።

ከአዲስ አበባ ጋር ለመገናኘት ሌላ ዘዴ አለ። በመካከላችን 350 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ፣ ያውም የግቤ ሸለቆ አለ። በ7 ሜጋኸርዝ ላይ ወደ 20 ሜትር የሚጠጋ፣ መሀሉ ላይ ለሁለት የተከፈለ ሽቦ በሁለት ባህር ዛፎች መካከል ዝቅ አድርገን እንሰቅላለን። ሞገዱ ወደ ላይ ወጥቶ ከላይኛው የከባቢ አየር ንብርብር ተመልሶ ይወርዳል። ቀን ቀን ተራራው አያግደውም። በእኛ ክፍለ ዓለም 7.110 ሜጋኸርዝ ለአደጋ ጊዜ መገናኛ የታወቀ ነው። ስለ አማተር ሬዲዮ ማወቅ ለምትፈልጉ ተማሪዎች፣ የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ፣ በሬዲዮ መጠሪያው ኢቲ3ኤኤ፣ አምስት ኪሎ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነው። እኛ የምንለምነው ግን ሽቦና ገመድ ነው። ተራ የመብራት ሽቦ ይበቃል።

ወረቀትና እርሳስ ቀላል ይመስላል። በዝናብ እስክሪብቶ አይጽፍም፣ የጻፈውም ይፈሳል፤ ስለዚህ እርሳስ። የመልእክት ቅጹ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ይታተማል፤ ማተሚያ ቤት ያላችሁ ይህን ብትሸፍኑልን ትልቅ ነገር ነው። ቅጹ ላይ ለሰዓት ሁለት ቦታ አለ። ምክንያቱም እኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የምንለውን የውጭ ረጂ 9 ሰዓት ይለዋል፣ የሬዲዮ መዝገብ ደግሞ በዓለም አቀፉ ሰዓት 06:00 ብሎ ይይዘዋል። «መድኃኒቱ በ9 ሰዓት ይድረስ» ተብሎ ሲነገር የትኛው 9? እዚህ ላይ መሳሳት ሰው ይገድላል።

ምግቡን ለእናቶች ትተናል። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ። በሶ እሳት አይጠይቅም፤ በውሃ ተበጥብጦ ይጠጣል። ቋንታ ልታዋጡ ያሰባችሁ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ግን ጿሚ አለ፣ የሌላውን እርድ የማይበላም አለ። በሶ ሁሉንም ያስማማል። ውሃ ከባድ ስለሆነ ሁለት ሊትር ብቻ ይዘን፣ ለሌላው «ውሃ አጋር» የሚባለውን የውሃ ማከሚያ እንጨምራለን። የቡና ቁርስ ያለ ቡና አይሆንም የምትሉ፣ የተፈጨ ቡና እምቢ አንልም። ጅማ ነው ያለነው።

ዝናቡን ደግሞ እናንተ ታውቁታላችሁ። ከመጋቢት ጀምሮ እስከ መስከረም አይለቀንም። ከቦርሳው ውስጥ የሚገባ ወፍራም ላስቲክ ያስፈልጋል። ቡና ነጋዴዎች፣ ለኤክስፖርት ቡና ከጆንያው ውስጥ የምታስገቡት አየር የማያስገባው ላስቲክ ካላችሁ ያገለገለውም ይሆናል። የዝናብ ልብስ፣ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ፣ ደረቅ ካልሲም እንፈልጋለን። እግሩ የረጠበና የበረደው ሰው ሬዲዮ ላይ ትዕግሥት የለውም፤ መልእክት ያዛባል።

ብር ለምትልኩ፣ ሂሳቡ በሦስት ሰው ፊርማ ነው የሚንቀሳቀሰው። ቁጥሩን በየእድሩ ዳኛ በኩል አሳውቀናል፤ ከዚያ ውጭ በስልክ የሚላክላችሁን ቁጥር አትመኑ። የአንድ ቦርሳ ዋጋ ይህን ያህል ነው ብለን አልጻፍንም፤ ዛሬ የጻፍነው ነገ መርካቶ ላይ ሌላ ሆኖ ይጠብቀናል። የተገዛው ሁሉ ከነደረሰኙ እድር ቤቶቹ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ዕቃ የምታመጡም እድር ቤት አስመዝግባችሁ ማስረከብ ትችላላችሁ።

ክረምቱ ሳይጠነክር ቦርሳዎቹን ዘግተን ማስቀመጥ እንፈልጋለን። ቦት ጫማ የምታመጡ ቁጥሩን ከላይ ጻፉበት። የወንዶች 41 እና 42 በብዛት ያስፈልገናል። የሴት ፈቃደኞቻችን 37 እና 38 ግን እስካሁን አንድም አልመጣም።